የጋሽ መርዕድ አንድ ሰዓት

ሰው «አእምሮዬ ከዳኝ» ብሎ ቢሞት ይሻለዋል ወይስ «በገዛ እጄ አጠፋሁ» ብሎ? ጋሽ መርዕድ ከተቀበሩ ወዲህ ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም። አውቶቡስ ስጠብቅ ይመጣል፤ መጽሐፍ ገልጬ አንዱን ገጽ ደጋግሜ ሳነብ ይመጣል። አንዳንድ ቀን የመጀመሪያው ይሻላል እላለሁ፤ ሰው በሕመሙ አይፈረድበትምና። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሁለተኛው፤ ያጠፋ እጅ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የከዳ አእምሮ ግን ምን ይላል? መልሱን አላገኘሁም። እሳቸው የመጀመሪያውን ይዘው ሄዱ። እሱም እውነት አልነበረም።

መሞታቸውን ማንም አልነገረኝም። ለንደን፣ ስትሪትሃም ውስጥ በአንድ ሕንጻ ነበር የምንኖረው፤ እሳቸው ከእኔ ከፍ ብለው። ከኮሌጅ ስመለስ ቀና ብዬ መስኮታቸውን የማየት ልማድ ነበረኝ። በዚያ ብርዳም ቀን መጋረጃቸው እንደተዘጋ ውሎ አገኘሁት። ወጥቼ አንኳኳሁ፤ ከዚያ የሕንጻውን ጠባቂ ጠራሁ። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። እኔ ግን ያ ልብ ከዚያ ቀደም ባለው መጋቢት፣ በዚያ ማክሰኞ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሳገኛቸው ቀድሞ እንደቆመ አውቃለሁ።

ጋሽ መርዕድ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። አገር ቤት የስልክ ቴክኒሺያን ሆነው ሠርተዋል፤ እዚህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ሊፍት ሲጠግኑ ኖሩ። ዳሌያቸው እስኪታመም ድረስ ታዲያ በሊፍት ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም። «ምነው ጋሼ፣ ሊፍት ጠጋኝ በእግሩ?» ስላቸው፣ «የምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ቤቷ ሄዳ አይደል እንዴ የምትበላ» አሉኝ።

የእጃቸው ሰዓት ለንደንን አያውቅም ነበር። ከአገር ሲወጡ እንደሞሉት፣ በእኛው አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን ሰዓት እንደያዘ ኖረ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ አንድ ሰው «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ሲላቸው፣ «የማን?» ይላሉ። ሒሳቡን ግን በቅጽበት ነበር የሚሠሩት። በብርዱ ወራት ሦስት መደመር ነው፤ የእጃቸው ሰባት ሲል እዚህ በፈረንጁ ከጠዋቱ አስር ይሆናል። በመጋቢት መጨረሻ የለንደን ሰዓት ወደፊት ሲሄድ ደግሞ አራት ይደመራል። እኔም ስልክ ወደ አገር ቤት ስደውል እንደዚያው ነው የማሰላው፤ እዚህ ያለን ሰዎች ሁላችንም የምንኖረው እየደመርን ነው።

የተቀራረብነው በላፕቶፕ ምክንያት ነው። እኔ ትምህርት የጀመርኩት ሌላው ልጁን በሚያስመርቅበት ዕድሜ ነው። ኮሌጅ ስገባ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁና አማርኛ ፊደል እንዲጭኑልኝ ይዤላቸው ወጣሁ። ወሩ ጥር ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን አዩት።

«ስንት በር አለው?»

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«ላፕቶፕሽ። ይዞት የመጣው ሲስተም አንድ ነው አይደል? እሱ የተበላሸ ቀን በየት ትወጫለሽ?»

ስርዓተ ክወና የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ በንግግር ግን ሁላችንም ሲስተም ነው የምንለው። ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውና የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም ማለት ነው። ጋሽ መርዕድ ደግሞ እጃቸው የገባን ላፕቶፕ ሁሉ ሁለተኛ ሲስተም ሳይጭኑበት አይመልሱም ነበር። «አንድ በር ያለው ቤት ወጥመድ ነው» ይሉ ነበር። የማሽን ወሬ ይመስለኝ ነበር። በኋላ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ በወጣትነታቸው የተያዙት አንድ በር ብቻ ባላት የኪራይ ክፍል ውስጥ እንደሆነ ነገሩኝ። ጥቂት ብር ቢጨምሩ ኖሮ የጓሮ በር ያላት ክፍል ያገኙ ነበር አሉ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ያነሱት፤ ሁለተኛ አልደገሙትም።

«መጀመሪያ ዕቃሽን አውጪ» አሉኝ። «ቤት ሲከፈል ዕቃ ውስጥ አይተውም።» ጽሑፎቼን ሁሉ በፍላሽ ገለበጥን። ከዚያ የዲስኩን ቦታ ቆረሱለት። «ይኸውልሽ፣ ግድግዳ አቆምን። ከዚህ ወዲህ የእሱ፣ ከዚያ ወዲያ የእንግዳው።» አዲሱን ሲስተም የያዘውን ሌላ ፍላሽ ከመሰካታቸው በፊት እፍ አሉበት።

«ይኼ ለምን ይጠቅማል?» አልኩ።

«ለምንም። እጄ ለምዶ ነው።»

ላፕቶፑን አጥፍተው አበሩት፤ አንዱን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ተጫኑት። ስክሪኑ ጥቁር ሆነና ነጭ ጽሑፍ መፍሰስ ጀመረ። ያለኝን ጥሪት አውጥቼ የገዛሁት ዕቃ ነውና ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ አበላሹት እንዴ?»

«ኧረ ዝም በይ፣ እያሰበ ነው።» ከወጥ ቤት ፎጣ አምጥተው ስክሪኑን ሸፈኑት። «ሥራ የያዘን ሰው አፍጦ ማየት ነውር ነው። ነይ፣ ሻይ እንጠጣ።»

ፎጣውን ሲያነሱ የዓለም ካርታ ወጥቶ፣ የት ነው የምትኖሩት ብሎ ይጠይቃል። ጣታቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየና ለንደን ላይ አረፈ። «ሁልጊዜ እዚህ ጋ ስደርስ ሌላ ቦታ መንካት ያምረኛል» አሉ። «ግን ማሽን መዋሸት ምን ያደርጋል።»

ሲያልቅ፣ ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ሁለት መስመር ጽፎ የትኛውን ትፈልጊያለሽ የሚል ሆነ። የላይኛው እሳቸው የጫኑልኝ፣ የታችኛው ይዞት የመጣው። እኔ እንደ ልማዴ ሁሉንም አንድ በአንድ መረመርኩ። ፊደሉን፣ ድምፁን፣ የቀረውን ቦታ፣ ሰዓቱን፤ በላይኛውም በታችኛውም። ሁሉም ልክ ነበር። ጋሽ መርዕድ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው፣ «ወይዘሮ ጥንቅቅ!» አሉኝ። «ፈተናውን አለፍኩ ወይስ ነገ ተመልሼ ልምጣ?» ከዚያን ቀን ወዲህ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

በዚያው ሰሞን ለራሳቸውም አዲስ ላፕቶፕ ገዝተው ነበር። የገዙት ለሰናይት ነው፤ ላፕቶፑ ሳይሆን ምክንያቱ የሰናይት ነበር። ሰናይት የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ናት። አባቷ ታስሮ ሳይመለስ የቀረ ሰው ነው። እሷ እዚህ ጥገኝነት ጠይቃ፣ ክሮይደን የስደተኞች ቢሮ ስትመላለስ ከርማ ተከለከለች፤ ይግባኝ አለች። የእገሌ ልጅ መሆኗን፣ በቤታቸው የደረሰውን ሁሉ፣ ከእሷ ሌላ በቃሉ ሊመሰክር የሚችል በዚህ አገር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አጎቷ። ዳሌያቸውን ገና መታከማቸው ስለነበር ከቤታቸው ሆነው በቪዲዮ እንዲመሰክሩ ተፈቀደላቸው። አሮጌው ላፕቶፕ መሐል ላይ ይቆምብኛል ብለው ነው አዲሱን የገዙት። ከዚያም፣ አንዱ ቢከዳኝ በሌላው እገባለሁ ብለው፣ ሁለተኛ ሲስተም ጫኑበት።

ፈርተው ነበር፤ ይህን ሰናይትም ታውቃለች። መጀመሪያ ላይ «ጽፌ ብሰጥስ?» ብለዋት ነበር። ጠበቃዋ ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም አለች። ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሙሉ ስምህን ተናገር የተባልኩ ቀን ሁለት ጥርሴን ትቼ ነው የተነሳሁት። እዚህ የተከበረ ዳኛ ነው የሚጠይቀኝ፤ አውቃለሁ። ጥርሴ ግን አያውቅም።»

እንለማመድ አልኳቸው። እኔ ዳኛ ሆኜ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጥኩ። «ሙሉ ስምዎን ይናገሩ» ስል የራሳቸውን ስም ብቻ ብለው ቀሩ። ውኃ ጠጡ። «እንደገና» አሉ። እንደገና ጠየቅኋቸው፤ ተናገሩ። በሦስተኛው ድምፃቸው ጠራ። ሲያበቁ አልቧቸው ነበር፣ ግን ሳቁ። «ለሰናይት ስል ከነአባቴ ከነአያቴ እነግራቸዋለሁ። እስከ ሰባት ቤት ልቆጥርላቸው እችላለሁ።»

ችሎቱ ማክሰኞ ጠዋት በአስር ሰዓት ነበር። ሰዓት የተቀየረው ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ነው።

ቀትር አልፎ ከኮሌጅ ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ለሠርግ የሚለብሱትን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ከረባታቸው ቀጥ እንዳለ ነው። ያ የታመመ ዳሌያቸው እንዴት ወደዚያ ብርዳም ደረጃ እንዳወረዳቸው አላውቅም።

«ምነው ጋሼ? አለቀ? እንዴት ሆነ?»

«አንድ ሰዓት ዘግይተሃል አሉኝ።»

«እነማን?»

«ጠበቃዋ ናት። ስልኩን ስከፍት ነው የነገረችኝ። አጥፋ ተብዬ አጥፍቼው ነበር፤ መሐል ላይ እንዳይጮህ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ወይዘሮ ጥንቅቅ፣ እኔ ለአስር ሩብ ጉዳይ ነው የገባሁት። ላፕቶፑ ለአስር ሩብ ጉዳይ ይላል። እጄን አየሁ፤ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ይላል። ሰባት ማለት አስር ነው። ሁለት ምስክር ይዤ ነው የገባሁት።»

«ከዚያስ?»

«ማንም የለም። ቀድሜ ነው አልኩ። ስክሪኑ ራሴን ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ከረባቴን አስተካከልኩ። ስሜን በሹክሹክታ እየተለማመድኩ ቆየሁ። እኔ ከራሴ ጋር ስተያይ እነሱ ጨርሰው ሄደዋል ለካ።»

ደግፌያቸው ወጣን። ላፕቶፑ እንደተከፈተ ነበር። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ከታች ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየን። ከስልኬ ጋር አስተያየሁት፤ ልክ ነበር። አንዲት ደቂቃ አልተሳሳተም።

ጋሽ መርዕድ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «የእጄስ እሺ፤ አራት መደመር ሲገባኝ ሦስት ደመርኩ። የብርዱ ወራት ልማድ ነው፣ ማንም ያደርገዋል። ላፕቶፑን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይኸው ልክ ነው። ስለዚህ ያልተጻፈ ነገር ነው ያነበብኩት።»

«ጋሼ፣ ደክሞዎት ነው። ተጨንቀው ነው።»

«እህቴ አስካለም እንዲህ ነው የጀመራት» አሉ። «የሞተ ባሏን ራት አቅርባ ትጠብቅ ነበር። ተቆጥተን ብንነግራት፣ አሁን ድምፁን ሰማሁት ትለናለች። የሰማችው እውነቷን ነበር።» ከረባታቸውን ፈቱ። «ተጀመረ ማለት ነው።»

የሰናይት ይግባኝ ውድቅ ሆነ። ከውሳኔው በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ደወለችላቸው፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ይሰማ ነበር።

«ሰዓቱ ነው የተሳሳተብኝ፣ ልጄ።»

«ስንት ዘመን ሙሉ በሰዓት ሥራ ሲገቡ የኖሩ ሰው? የእኔ ቀን ሲደርስ ሰዓት ጠፋብዎት?»

«አእምሮዬ ነው። ልብ በይ፣ እያመመኝ ነው...»

«ፈርተው ነው፣ አጎቴ! ፈራሁ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።» ዘጋችው። እሳቸው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፉት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ሰው ራሱን በራሱ እንዴት አፍርሶ እንደሚጨርስ ያየሁበት ነው። መጀመሪያ የእጃቸውን ሰዓት አወለቁ። ቀጥሎ ላፕቶፕ አስተካክሉልን ብለው የሚመጡትን ሰዎች ከበር መለሱ። «የሰው ንብረት በማይታመን እጅ አይነካም።» ከዚያ ምድጃ ማብራት ተዉ፤ ጋዙን ሳላጠፋ ብተኛስ ብለው። ዳቦ በውኃ ሲበሉ እያየሁ ምግብ ሳመጣላቸው፣ «አሁን በላሁ እንዴ? አልበላሁም?» ብለው ይጠይቁኛል፤ አለመብላታቸውን እያወቁ፣ እውቀታቸውን ስላላመኑት። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀረ፤ መንገድ ይጠፋኛል አሉ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው «ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» ሆነ። እነግራቸዋለሁ። «እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» ይላሉ፣ ግን አይደሰቱም።

እንደ ምንም ለምኜ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ጠየቀቻቸው፣ ሥዕል አሳየቻቸው፣ ቃል አስያዘቻቸው። ሁሉንም መለሱ።

«ደህና ነህ አለችኝ» አሉ በአውቶቡስ ስንመለስ።

«ይኸው፣ አላልኩም?»

«እሷስ ያልተጻፈ አንብባ ቢሆን?» አሉና ሳቁ። ያ የመጨረሻ ቀልዳቸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም።

በሚቀጥለው ብርድ ሞቱ። ሰናይት ለቀብር መጥታ ነበር። ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ ቆመች። አላለቀሰችም። ሰው እዝን ሊቀምስ ወደ አዳራሽ ሲገባ እሷ ከበር ላይ ተመልሳ ሄደች። አንዲት ሴት አጠገቤ፣ «ምን ዓይነት ልጅ ናት?» ስትል ሰማሁ። የያዘችውን እኔ አውቃለሁ።

ዓመቱ ሳይሞላ፣ ወሩ ሰኔ ነበር፣ ኮሌጃችን ፈተናውን በኦንላይን አደረገው። የፈተናው ፕሮግራም የሚሠራው ላፕቶፑ ይዞት በመጣው ሲስተም ላይ ብቻ ነው ተባለ። እኔ ሁልጊዜ የምጠቀመው ጋሽ መርዕድ በጫኑልኝ ነበር፤ የታችኛውን መስመር ከዚያ ከጥር ወር ወዲህ ተጭኜው አላውቅም። ሙከራ ለማድረግ ከፈትኩት። ለአስራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ይላል። ስልኬን አየሁ፤ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ይላል።

አንድ ሰዓት ወደ ኋላ።

ስልኬን ከስክሪኑ ጎን አስቀምጬ ሁለቱን አስተያየሁ። እንዲያ ሳስተያይ፣ በዓይኔ ፊት፣ ሰዓቱ በራሱ ተስተካከለ። ላፕቶፑ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ራሱን አርሞ ነው። አጠፋሁት። በላይኛው ከፈትኩ፤ ልክ ነው። አጠፋሁት። በታችኛው ከፈትኩ፤ እንደገና አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። ደጋግሜ ሞከርኩ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ፤ እኔ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ነገሩ ቀላል ነው። በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ፣ ማሽኑ ሲጠፋም መቁጠሯን የማታቆም ትንሽ ሰዓት አለች። ጋሽ መርዕድ የሚጭኑት ሲስተም ይህችን ሰዓት በጋም ሆነ ብርድ በማይለውጠው የዓለም ሰዓት ይሞላታል። ሌላው ሲስተም ደግሞ የሚያነባት የመንገዱ፣ ሰው የሚኖርበት አገር ሰዓት ናት ብሎ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ናቸው፤ ተነጋግረው ግን አያውቁም። ሌላ አገር ቢሆን ልዩነቱ በተጫነበት ቀን ይታይ ነበር። ለንደን ላይ ግን በብርዱ ወራት የዓለም ሰዓትና የመንገዱ ሰዓት አንድ ናቸው። በጥር ሁሉንም የመረመርኩት እኔም ያየሁት ትክክል ነበር። ልዩነቱ የሚወለደው በመጋቢት መጨረሻ፣ እሑድ ቀን ነው። መድኃኒቱ አንዲት መስመር ትእዛዝ ናት።

ጋሽ መርዕድ ሰኞ ማታ እንደ ልማዳቸው በአማርኛ ሲጽፉ በሁለተኛው ሲስተም ነበሩ። ማክሰኞ ጠዋት የቪዲዮው ፕሮግራም የሚሠራው በሌላው ነውና በሌላው ገቡ። ለአስር ሩብ ጉዳይ የሚል ተጽፎ ነበር። ያነበቡት የተጻፈውን ነው። እጃቸውን አዩ፤ የብርዱ ልማዳቸው ያንኑ ነገራቸው። ሁለት ምስክር ያሉት እውነታቸውን ነበር፤ ሁለቱም ምስክሮች አንድ ዓይነት ውሸት ነበር የያዙት። እኛ ጎንበስ ብለን ስናይ ደግሞ ማሽኑ ራሱን አርሞ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ንጹሕ ሆኖ ጠበቀን።

አእምሯቸው አንድ ቀን እንኳ አልከዳቸውም። ዳቦ በውኃ የበሉት በከንቱ ነው።

ይህን ይዤ ለማን ልሂድ? ለሞተ ሰው አይነገርም። ቢኖሩስ እነግራቸው ነበር? «ጋሼ፣ ደህና ነዎት፤ ልጅቷን ያስቀጣት ለእሷው ብለው የከፈቱት በር ነው» ብዬ? ይኸው ነው ከላይ የጻፍኩት ጥያቄ። ሰናይት ግን በሕይወት አለች። አጎቴ ፈርቶ ተወኝ ብላ ነው የምትኖረው። የእሳቸው ስም ያለው እሷ ዘንድ ነው፤ ሌላ ዘመድ የላቸውም። ሆኖም ወራት አለፉ። ማሽን እንዴት እንደሚሠራ ለመናገር መጽሐፍ ይበቃል፤ ይህን ለመናገር ግን አፍ ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ በአፌ ጎበዝ ሆኜ አላውቅም።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። ዊልስደን፣ ዋናው መንገድ ላይ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ እንደምትሠራ ቤተ ክርስቲያን ሰምቼ ነበር። የመኖሪያ ጉዳይዋ አሁንም አላለቀም፤ በሌላ ጠበቃ፣ ከስር ጀምሮ እንደገና ነው። የማሽኖቹ ድምፅ ቤቱን ሞልቶታል። ሰናይት ከማድረቂያው አንሶላ እያወጣች ነበር። አየችኝና ፊቷ ተዘጋ።

«እትዬ ብርሃኔ። ምን እግር ጣለሽ?»

«አንቺን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ስለ ጋሽ መርዕድ።»

«የአጎቴ ነገር ከሆነ ነፍሳቸውን ይማር ብያለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።»

«እኔ ነኝ የምለው ያለኝ።»

«ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«እየሠራሽ ስሚኝ።»

ነገርኳት። ቀስ ብዬ፣ ከሥር ከመሠረቱ፤ ስለ ሁለቱ ሲስተሞች፣ ስለ ትንሿ ሰዓት፣ ስለ እሑዱ፣ ስለ እጃቸው ሰዓት። መጀመሪያ እጇ አላቆመም፤ አንሶላ ታጥፋለች፣ ትደረድራለች። «እኔ ኮምፒውተር አላውቅም» አለች። ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት፣ በጣቴ ጠረጴዛው ላይ እየሣልኩ አስረዳኋት። እንደገና ንገሪኝ ሳትል እንደገና ጀመርኩ። ሦስት ሲደመር፣ አራት ሲደመር ላይ ስደርስ እጇ ቆመ። እሷም ስልክ ወደ አገር ቤት የምትደውል ሰው ናት።

«ቀድመው ነው የገቡት ማለት ነው?» አለች።

«በሚያዩት ሰዓት፣ ቀድመው። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው። ስማቸውን እየተለማመዱ።»

«አልፈሩም?»

«ፈርተዋል። ፈርተውም ገብተዋል።»

ሰናይት የያዘችውን አንሶላ አስቀመጠች። ወደ መስኮቱ ዞረች። ቀይ አውቶቡስ አለፈ። ተመልሳ ስትዞር ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም።

«ስልካቸውስ?» አለች። «ጠበቃዋ ደወለች፣ እኔ ደወልኩ። ተዘግቶ ነበር። ስልክ ክፍት ቢሆን ኖሮ እኮ...»

«አጥፋ ተብዬ ነው አሉኝ። መሐል ላይ እንዳይጮህ።»

«ማን ነው አጥፉ ያላቸው?»

«እሱን አልነገሩኝም። ጠበቃዋ ትሆናለች ብዬ...»

«ጠበቃዋ አይደለችም።»

አንደኛው ማሽን ሥራውን ጨርሶ ጮኸ። አላየችውም።

«ሰኞ ማታ ደወልኩላቸው» አለች። «አጎቴ፣ ያ የእርስዎ ስልክ በጩኸቱ ዳኛውን እንዳያስደነግጥብኝ፣ ጠዋት ሲነሱ ጀምሮ ይዝጉት አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ደግሜ ቃል አስገባኋቸው። በማግስቱ ችሎት ፊት ቆሜ ስደውል፣ ስደውል... ዝግ ነው። ፈርተው ዘጉት አልኩ። ለዳኛውም እንደዚያ አልኩ፤ በአፌ። አጎቴ ፈርተው ነው አልኩ።»

እጄን ትከሻዋ ላይ ላሳርፍ ስል ፈቀቅ አለች፤ በንዴት አልነበረም፤ ዕቃ የተሸከመ ሰው መንገድ ሲለቅ እንደሚያደርገው ነው።

«እሳቸውስ ያውቁ ነበር?» አለች። «አጥፉ ያልኩት እኔ መሆኔን ያስታውሱ ነበር?»

«አእምሯቸው ደህና ነበር፣ ሰናይት።»

ይህን ስል ምን እንዳልኩ የገባኝ ከተናገርኩት በኋላ ነው። አስታውሰዋል ማለቴ ነበር። በዚያ ስልክ «ፈርተው ነው» ስትላቸው፣ አጥፋ ያልሽኝ አንቺው ነሽ ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም ማለቴ ነበር።

ሰናይት ራሷን ነቀነቀች። ከቅርጫቱ አንድ ትልቅ አንሶላ አነሳችና አንዱን ጫፍ ዘረጋችልኝ።

«ያዢልኝ» አለች። «ይኼ ለብቻ አይታጠፍም።»